የጋራ መሣሪያና የእያንዳንዱ ድርሻ

ብዙ ሰዎች በአንድ ዕቃ ሲገለገሉ፥ «ማን ምን ያህል ወሰደ?» ብሎ መጠየቅ ንፍገት ነውን፥ ወይስ ፍትሕ? በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ዙሪያ፥ በጨርጨር ደጋ፥ ከአንድ ምንጭ በየተራቸው ማሳቸውን የሚያጠጡ ገበሬዎች ጥያቄውን ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ሲጋራ ከታየ ወዲህ፥ ጥያቄው ወደ መሥሪያ ቤትም ገብቷል። የዩኒክስ ዓይነት ሥርዐት፥ መዝገቡ ከተከፈተለት፥ እያንዳንዱ ሥራ ሲፈጸም የባለቤቱን መለያ፥ የትእዛዙን ስምና የፈጀውን የማስሊያ ጊዜ ይጽፋል፤ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ በየሰው ይደምረዋል።

ልብ ይባል፤ የሚጻፈው ሥራው ሲያልቅ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ መሣሪያውን አጨናንቆ ገና ያላለቀ ሥራ በድምሩ ውስጥ የለም። ወቀሳው ሥራውን በጊዜ ለፈጸመው ሰው ይደርሳል ማለት ነው! ደግሞም ስለ ምን እንደ ተሠራ የሚገለጽበት ዓምድ የለውም፤ የሠራተኛውን ደመወዝ ሲያሰላ የዋለና በጨዋታ የዋለ በሰከንድ እኩል ሊወጡ ይችላሉ።

መዝገቡ ይቅር አልልም፤ ያለ መዝገብ ጉልበተኛው ብቻ ይጠቀማል። ነገር ግን ሰው በድምሩ ከመወቀሱ አስቀድሞ፥ በመሠራት ላይ ያለው ሁሉ ተዘርዝሮ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ባለቤቱም ተጠርቶ ይጠየቅ። ሥራ ይዘገያል የሚሉኝ አሉ፤ ግማሽ ቀን ቢዘገይ ይዘግይ።