አምስቷ ሰከንድ የማን ሐቅ ናት?



ሰሞኑን ከደርስ በኋላ አንድ ተማሪ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ የትራፊክ መብራትን ሰው ከሚቆጣጠረው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቢቆጣጠረው የበለጠ ፍትሐዊ አይሆንም? ማሽን ዘመድ የለውም፣ ጉቦ አይበላም፣ አይደክመውም።»

ጥያቄውን ወደድኩት፤ ግማሹ እውነት ነውና። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. «ሱርትራክ» የተባለ ሥርዓት በዘጠኝ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ሞክረው ነበር። በየመስቀለኛው ያለው ኮምፒውተር የሚመጡትን መኪኖች ያያል፣ አረንጓዴው ለማን መብራት እንዳለበት ያሰላል፣ ውሳኔውንም ለጎረቤት መብራት ይነግራል። በሙከራው የጉዞ ጊዜ በ25 በመቶ፣ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ ኸይር ነው። በከንቱ የሚቃጠል ነዳጅም፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚዘገይ በሽተኛም አለና።

አሁን ሌላውን ግማሽ እንይ። ማሽኑ የሚቀንሰው ቀንስ የተባለውን ነው። «የመኪኖችን መጠበቅ ቀንስ» ብቻ ካልነው፣ ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስና ሹፌሩን ብቻ የያዘ የቤት መኪና እኩል አንድ፣ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። እግረኛው ጭራሽ ላይቆጠር ይችላል።

12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አስቡ። ተሻጋሪ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ከተሰላ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አንዲት እናት ግን 15 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። መብራቱ ሲቀየር ገና አራት ሜትር ይቀራቸዋል። ማሽኑ አላዳላም፤ የመበደል ኒያም የለውም። ታዲያ ማን በደላቸው?

አለማዳላት ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ፍትሕ ለባለ ሐቅ ሐቁን መስጠት ነው፤ ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ባለ ሐቁን ማየት ያስፈልጋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ላይ ለሚቀመጡ ሶሓቦች መንገድ ሐቅ እንዳለው አስተምረዋል፤ ጎጂን ነገር ከመንገድ ማስወገድንም ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። ስለዚህ «10 ሰከንድ ወይስ 15?» የሚለው ቁጥር የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አማና ነው። ስሌቱን ለማሽን መስጠት እንችላለን፤ ተጠያቂነቱን ግን አንችልም። ቢሮ ውስጥ «ሲስተሙ ነው» ብሎ ማምለጥ ይቻል ይሆናል፤ አሏህ ፊት ግን ሲስተም አይጠየቅም፣ ሰው እንጂ።

ከእናንተ መካከል ኮምፒውተር ሳይንስና ምህንድስና የምትማሩ አላችሁ። ነገ እንዲህ ያለውን ሥርዓት የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። «ስንት ደቂቃ ቆጠብኩ?» ከማለታችሁ በፊት «ማንን ሳልቆጥር ቀረሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የምትነዱም እንደዚሁ። ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ አረንጓዴው በርቶላችሁ አንዲት እናት ገና መንገዱ መሐል ካሉ፣ ክላክስ አታድርጉባቸው። መብራቱ ያልሰጣቸውን አምስት ሰከንድ እናንተ ስጧቸው።

ጁሙዓ ሙባረክ።