የመሥሪያ ቤቱ ስልክ የማን ነው?

ሀዋሳ፣ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንድ እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ቆም ብሎ «እገሌ የሚባለው መሥሪያ ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያጣም። የባጃጁ ሾፌር ያውቃል። ሊስትሮው ያውቃል። ግቢው በር ላይ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ታውቃለች፤ ኃላፊው ዛሬ መግባት አለመግባቱን፣ ፊቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ጭምር ትነግራችኋለች። «ከገብርኤል ወረድ በል፣ ባንኩን እለፍ፣ ከጀርባው ሰማያዊ በር ታያለህ» ይባላል፤ አንዳንዱም ሥራውን ትቶ እስከ በሩ ድረስ ይሸኛል። ይህ ደግነታችን ነው፣ ይኑርልን። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሊስትሮውና ቡና አፍዪዋ የሚያውቁትን ነገር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለምን አይናገርም?

መቼም መሥሪያ ቤቶቻችን ጽሑፍ ይጠላሉ አይባልም። ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ግድግዳውን የሞላ ሰሌዳ ነው፦ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ከእሴቶቹ መካከል «ግልጽነት» የሚለው ቃል አይጠፋም። ባለጉዳዩ ግን መሥሪያ ቤቱ ከአሥር ዓመት በኋላ የት ለመድረስ እንደሚያስብ አንብቦ ሲጨርስ፣ አሁን እሱ የትኛው ክፍል መድረስ እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል። ምን ማስረጃ ይዞ ይምጣ? ስንት ይከፍላል? በስንት ቀን ያልቃል? ፋይሉ መዝገብ ቤት ነው ወይስ ሌላ ቦታ ተወስዷል? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት በቃል ነው፤ ቃሉም እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ጠዋት «ሁለት ፎቶ» የተባለው ከሰዓት «ሸኚ ደብዳቤም ያስፈልጋል» ይሆናል።

የስልኩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር የሚገኘው በደብዳቤው ግርጌ፣ ከፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ነው፤ ደብዳቤው የሚገኘው ግን አስቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ላገኘ ሰው ነው! ተሳክቶላችሁ በ046 የሚጀምረውን ቁጥር ብታገኙትም ብዙ ጊዜ ይጮሃል እንጂ አያወራም። ያን ጊዜ አንድ ደግ ሰው ይመጣና «ተወው እሱን፣ የሰውየውን ሞባይል ልስጥህ» ይላል። ሞባይሉ ይሠራል። ሰውየውም ያነሳል፣ ነገሩም ያልቃል። ሁላችንም እፎይ እንላለን።

እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። የግል ስልኩን ለባለጉዳይ የሚሰጥ ሠራተኛ ደግ ነው ወይስ አይደለም? ደግ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሱ ካርድ፣ እራቱን አቋርጦ የሚመልስ ሰው ክፉ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር ለማን ይደርሳል? አብሮት ለተማረ፣ አብሮት ዕድር ለገባ፣ በቋንቋው ለሚያወራው፣ የአጎቱን ልጅ ለሚያውቅ ነው። ማንንም የማያውቀው ሰው፣ እኩል ግብር የሚከፍለው ሰው፣ በር ላይ ይቆማል። ደግነቱ እውነት ነው፤ የሚደርሰው ግን በዘመድ መስመር ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ያ ደግ ሰው ይዛወራል። ሞባይሉን ይዞ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱን ይዞ እንደሄደ ይቆጠራል። ወንበሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ቲተሩ አለ፤ በሩ ግን ከሰውየው ጋር ተነቅሎ ሄዷል። አዲስ ለሚሾመው አዲስ ዘመድ መፈለግ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቃል ላይ መንጠልጠል ይቀናኛል። «ባለጉዳይ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ባለቤት፣ ባለሀብት፣ ባለርስት እንደምንለው ሁሉ የጉዳዩ ጌታ ማለት ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ደግሞ «ባለሥልጣን» ነው። ሁለት «ባለ»ዎች ተገናኙ ማለት ነው፤ አንዱ የገዛ ጉዳዩ ባለቤት፣ ሌላው አደራ የተሰጠው ሥልጣን ጠባቂ። በአነጋገራችን ግን «ባለጉዳይ ውጭ ይጠብቅ!» ሲባል ቃሉ ከባለቤትነት ወርዶ የለማኝ ስም መስሏል። ባለጉዳዩም ይህን ተቀብሎ፣ የራሱን ፋይል ቁጥር ሲነግሩት ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ምስጋና ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው የራሱን ንብረት ሲመልሱለት እንደ ስጦታ ካመሰገነ፣ ሰጪው በሚቀጥለው ጊዜ መከልከልም መብቱ ይመስለዋል።

ለነገሩ ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ደጅ ጥናት የሚባል ነገር ነበረን። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት እየቆዩ ፊት እስኪታዩ መጠበቅ። ያን ጊዜ መንግሥት ማለት ሰውየው ነበርና ሰውየውን ማግኘት ጉዳይን ማግኘት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ግን አዲስ ሐሳብ አብሮ ገባ፦ ሰው ቢሞትም ቢሻርም የሚቀጥል መሥሪያ ቤት። ሐሳቡ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ልማዳችን ግን ከደጁ አልተነሳም፤ ደጁ ወደ ሞባይል ስልክ ገባ እንጂ።

ደግሞ አባቶቻችን ሁሉን በደጅ ጥናት ብቻ አልያዙትም። አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። ሕዝቡ ወደ አዋጁ ሳይሆን አዋጁ ወደ ሕዝቡ ይሄዳል፤ የሰማውም ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ከዚያ ከበሮ ወርሶ ነው። ሕግ ያልተነገረው ሰው በሕግ ሊጠየቅ አይገባም የሚል ፍርድ በከበሮው ውስጥ ነበረ። አገልግሎቱስ? የት እንደሚገኝ ያልተነገረው ሰው «ጊዜው አልፎብሃል» ሊባል ይገባል?

ይህን ጥያቄ ከሀዋሳ የበለጠ የሚያውቀው ከተማ ያለ አይመስለኝም። መሥሪያ ቤት ሲመጣም ሲሄድም አይታለች። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እሷ መጣ። በኋላ ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች የሚገኙበት የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች፤ ከሚዛን እስከ ጂንካ ያለው ሰው «ክልል ልሄድ ነው» ሲል ሀዋሳ ልሄድ ነው ማለቱ ነበር። ኅዳር 2012 ሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሰጠ፤ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። አዲሶቹ ክልሎች መሥሪያ ቤቶቻቸውን በአንድ ከተማ አላከማቹም። ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ እያሉ አከፋፈሉት። ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ይቅረብ ከተባለ መልካም ነው፤ አልቃወምም።

ግን እስቲ አንዲት መምህርት እናስብ። ካፋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አስተምራለች እንበል፤ በወጣትነቷ የተሰጣት የዕድገት ደብዳቤ የተፈረመው ሀዋሳ በነበረው ቢሮ ነው። ዛሬ ጡረታ ልትወጣ ስትል ያ ደብዳቤ ይፈለጋል። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መደርደሪያ? ያን ዘመን የምታውቀው ሰውም ተዛውሯል። ካርታ ላይ ክልል በአንድ ቀን ይከፈላል፤ መዝገብ ግን ወረቀት ነውና በሰው እጅ ተቆጥሮ፣ ተሸክሞ፣ ተረካክቦ ነው የሚከፈለው። ይህ መዝገብ እዚህ ሄዷል የሚል አንድ ገጽ ማስታወቂያ ለእሷ የሁለት ሳምንት መንገድ፣ የአልጋ ኪራይ፣ የባጃጅ ሒሳብ ያድንላታል። ያ ገጽ ከሌለ የሠላሳ ዓመት ሥራዋ በአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ትዝታ ላይ ይንጠለጠላል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ መሥሪያ ቤቱ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይላል። ያልተመለሰለት ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ መብቱን የምንጠይቅ ጥቂቶች መሆናችንም እውነት ነው። ነገር ግን መረጃ ለመጠየቅ መጀመሪያ መረጃው የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በር ከተዘጋ የውስጡ በሮች ቢከፈቱ ምን ይጠቅማል?

«ሁሉን ነገር ገልጠን የሰውን ገመና አደባባይ እናውጣ ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ቦታ፣ ስልክ፣ ክፍያና መስፈርት የማንም ገመና አይደለም። የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ መሬት ለማን እንደተሰጠ የሚናገር መዝገብም የሕዝብ ነው። የአንድ ሰው ፍቺ፣ ሕመም፣ የግል ማኅደር ግን የእሱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ነገሩን ገልብጠን መያዛችን ነው። የሰው የግል ፋይል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያነበዋል፤ የክፍያው ተመን ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘችውም ልጅ ዛሬ የለችም!

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ስዊድን የመንግሥትን ሰነድ ለዜጎች በሕግ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው፤ ያኔ የዛሬዋ ባለጸጋ ስዊድን አልነበረችም። የሕንዱ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በራጃስታን ገጠር ድንጋይ ሲፈልጡ፣ አፈር ሲቆፍሩ የዋሉ የቀን ሠራተኞች ክፍያቸው ሲጎድልባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን በሚባል ማኅበራቸው አማካይነት አንድ ነገር ጠየቁ፦ የክፍያ ሊስቱን አሳዩን። ሊስቱ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ የሞቱና መንደሩ ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች «ደመወዝ ተቀብለው» ተገኙ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው የመረጃ መብት ሕግ ሥሩ እዚያ ነው። መዝገብ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለድሃ መሆኑን ያስተማሩን እነዚያ ቀን ሠራተኞች ናቸው። ሀብታም ያለ መዝገብም ይደርሳል፤ ሞባይሉን ያውቀዋልና።

አሁን አሁን በጎ ጅምር አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ መሥሪያ ቤቶችን አንድ ጣሪያ ሥር አቅርቧል፤ ስሙም ደስ ይላል፣ መሶብ የቀረበለት ሁሉ እጁን የሚሰድበት ነውና። ነገር ግን ቴክኖሎጂው ብቻውን ልማድን አይሽርም። የቀድሞው ኃላፊ ስምና የተቋረጠ ስልክ የተለጠፈበት ድረ ገጽ፣ ዝናብ ካጠበው ሰሌዳ በምን ይሻላል? ማንበብ የማይችለው ሽማግሌስ? ለእሱ ጥበቃው መልሱን ማወቅ አለበት፤ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰሌዳ፦ ይህ ሥራ በዚህ ክፍል፣ በዚህ ክፍያ፣ በዚህን ያህል ቀን። የመሥሪያ ቤቱ የሆነ፣ ከሰው ጋር የማይዛወር፣ የሚነሳ አንድ ስልክ። ወደ ሌላ ቦታ የሄደ መዝገብ ካለ የሄደበት ከተማና ቢሮ። ሰሌዳውን የሚያጸዳና የሚያድስ አንድ ኃላፊ። የግል ስልኩን የሚሰጠንን ደግ ሰው እናክብረው፤ ግን አንድ ነገር እንጠይቀው። እሱ በዕረፍት ላይ ባለበት ቀን፣ እሱን የማያውቀው ሰው መጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ማንንም ሳያመሰግን የሚሄድበትን መንገድ ያበጅልን። ያን ቀን ደግነቱ ለዘመዱም ለባዳውም እኩል ይደርሳል።