ጦሙን ያደረ ባትሪ

ሐምሌ 2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተከታትለው ጠፉ፤ ከተማዋም እስከ ታኅሣሥ 2014 በዚያው ሰነበተች። በራያ ቆላ መብራት ጠፋ ማለት ደግሞ አምፖሉ ጨለመ ማለት ብቻ አይደለም። ወፍጮውም ይቆማል፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስበው ፓምፕም ይቆማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሁሉም ዓይን 12 ቮልቷ ባትሪ ላይ ያርፋል፤ የባጃጁም ትሁን፣ የሶላሩም፣ የጄነሬተሩም።

ባትሪ ብዙ ስለሠራ ይሞታል የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በብዛት የሚገድለው ባዶውን መክረሙ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ጠባዩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኃይል ሲሰጥ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ሰልፌት ይለብሳሉ፤ ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ሰልፌቱ ወደ አሲዱ ይመለሳል። ለሳምንታት ከተተወ ግን ይጠጥራል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጀር አያላቅቀውም። «ቻርጅ አልይዝ አለኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ለነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም።

ባትሪ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው በተግባር ያሳየችው ሰሜን ሸዋ ያለችው የሬማ መንደር ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ከ2,000 በላይ ቤቶች ላይ ትንንሽ ሶላር ተከለ፤ በ2001 ዓ.ም አሽደን የተባለውን የእንግሊዝ ሽልማትም አገኘበት። ሰው የሚያወራው ስለ ፓኔሉ ነው። እኔ ግን ከፓኔሉ ይልቅ ሁለት ነገሮችን አደንቃለሁ፦ እዚያው ሬማ የሶላር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጠጋኝ መሠልጠኑን፣ ተጠቃሚውም ለጥገና በየወሩ መክፈሉን። ፓኔል ለዓመታት ጣራ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ባትሪው ግን ጠባቂ ይፈልጋል። መሣሪያ አድሎ መሄድን እንደ ልማት የሚቆጥር ሁሉ ይህችን መንደር ቢያጠና ደስ ይለኛል።

ቆቦ ደግሞ ሙቀት የሚባል ሌላ ፈተና አለባት። በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ስሌት የባትሪ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ቀን ሙሉ ፀሐይ ከሚመታው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ያስቀመጠው ሰው ግማሹን ገንዘቡን እዚያው ቀበረ። ባትሪው ጥላ ያሻዋል፤ ነገር ግን ሣጥን ውስጥ ታፍኖ መሆን የለበትም፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳልና። የባትሪው ክዳን የሚከፈት ከሆነ ሙቀቱ ውሃውን ስለሚያተን ሰሌዳዎቹ ሳይጋለጡ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመርለታል። የጎሊና ወንዝ ውሃ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማዕድን አለበትና ለባትሪ አይሆንም፤ አሲድ መጨመርም ስህተት ነው፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

የመኪና ባትሪን ለቤት መብራት ማዋል በችግር ጊዜ ያስመሰግናል እንጂ አያዛልቅም። ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው በዲናሞው እንዲሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ሲያበራ አድሮ ደጋግሞ ባዶ ከሆነ በወራት ያልቃል። የሞተር ጀልባ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ባትሪን ለሁለት ይከፍላሉ፤ አንዱ ለማስነሻ ብቻ፣ ሌላው ለመብራትና ለሬዲዮ። ባጃጅ በግፊ ይነሳል፤ ጣና መሀል ሞተሩ እምቢ ያለ ጀልባ ግን ማን ይገፋዋል? መስኖ ላይ ያለ ጄነሬተርም እንደ ጀልባው ነው፤ ማስነሻ ባትሪው ላይ የዘበኛ ቤት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ከተንጠለጠለበት፣ ማሽላው ውሃ በሚጠማበት ቀን አይነሳም።

ክረምቱን የሚቆም ጄነሬተር ባትሪው ሞልቶ ይፈታ፣ በየወሩም ይለካ፤ ወደ 12.4 ሲወርድ ቻርጅ ይደረግ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጋቲቩ፤ አለበለዚያ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ የሞተሩን አካል ነክቶ እሳት ያስነሳል።