የእናት ዘርና የልጅ ክብር

አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» የተሰኘውን ታሪካዊ ልብ ወለድ የጻፈው በዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ላይ ነው። ባላንጣዎቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። እናት ደሃ ከሆነች ልጅ አይከበርም ማለታቸው ነው።

ከመንዝ የወጣው የሸዋ ቤትም የዚሁ ዓይነት ታሪክ አለው። የቤቱ መሥራች የነጋሲ ክርስቶስ ዘር የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ በቤተ መንግሥት አገልጋይ እንደነበሩ ከሚነገርላቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁ በ1836 ዓ.ም. ልጅ ወለዱ። ስሙ ምኒልክ ተባለ።

ታዲያ ሰው ክብሩን ከማን ይወርሳል?

የመንዝ ባላገር አንድ ዓይነት መልስ አልነበረውም። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ መሬት የፈለገ ሰው የሴት አያቱን ሐረግ ጭምር መዞ ይሟገት ነበር። ጋብቻ ሲመጣ ግን አጥንት ይጠየቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የእናትን ማዕረግ መስፈርት አታደርግም። ማቴዎስም የክርስቶስን ትውልድ ሲቆጥር ጋለሞታዋን ረዓብንና ሞዓባዊቷን ሩትን አልዘለለም። በክብረ ነገሥት ደግሞ የነገሥታቱ ሐረግ የሚጀምረው በእናቱ እጅ አድጎ አባቱን ፍለጋ ከሄደ ልጅ ነው። እነዚህን መጻሕፍት የሚያውቀው መኳንንት ግን «የማን ልጅ ነው?» ማለቱን አልተወም።

ቴዎድሮስ ሸዋን ካስገበሩ በኋላ ወጣቱን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዱት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። የኮሶ ሻጯ የልጅ ልጅና የአገልጋይዋ ልጅ በአንድ ጎጆ ተጣመሩ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሸዋ ሲያመልጥ አልጣሽ እዚያው ቀረች።