እንግዳ ወይስ ገዢ?

ሰው ለሁለት ቀን ዕረፍት በሄደበት መንደር ምንድን ነው? እንግዳ ነው ወይስ ገዢ? ጥያቄው እንዲሁ ሲያዩት የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። እኛም አንድ ቅዳሜ ጧት በሁለት ሶል የተነሣ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር ተኳርፈን ባንለያይ ኖሮ አናነሣውም ነበር። ሶል የፔሩ ገንዘብ ነው፤ ሁለት ሶል ቢበዛ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቢገዛ ነው። ጠቡ የሁለት ሶል ነበር፤ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችን ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ሊማ በነበርንበት ጊዜ፣ ፈተና ባለቀ ሳምንት፣ የሊማ ልጅ ከሆነ የክፍል ጓደኛችን ጋር ዓርብ ማታ አውቶቡስ ተሳፈርን። ወደ ሰሜን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በበረሃና በባሕር መካከል ይነዳል። ሲነጋ ትሩሂዮ ከተማ ደረስን። ከዚያ ደሞ በትንሽ አውቶቡስ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ሄደን ዋንቻኮ ገባን።

ዋንቻኮ ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ኮረብታዋ ላይ የቆየ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከታች በባሕሩ ጠርዝ ምግብ ቤቶችና ማደሪያዎች ተሰልፈዋል። ወደ እርሷ ሲሄዱ መንገዱ በቻን ቻን ፍርስራሽ በኩል ያልፋል። ቻን ቻን ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ዘመን እስኪይዟት ድረስ የቺሙ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ ከጭቃ ጡብ የተሠራች ሰፊ ከተማ ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1986 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባት፤ በዚያው ዓመት አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥም ተጻፈች። ጭቃ ነዋ! ዝናብና ነፋስ ሲበረታበት ምን ይችላል?

የዋንቻኮ ባሕር ከደቡብ በሚመጣው በሁምቦልት ወራጅ ምክንያት ቀዝቃዛ ነው። ቢሆንም ማዕበሉ ስሙ የወጣ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶች ከብዙ አገር ይመጡበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚሁ ስፖርት ከዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ተብሏል። እኛን ግን የያዘን ሌላ ነገር ነው። በአሸዋው ላይ፣ የአጨዳ ሰሞን ነዶ እንደሚቆመው ሁሉ፣ ጫፋቸው ሾጣጣ የሆነ የሣር ጀልባዎች ተደጋግፈው ቆመው ይደርቃሉ። ሁለታችንም በአንድ ቃል «ታንኳ!» አልን። ኧረ ቁርጥ የጣና ታንኳ!

አንድ ሽማግሌ ከአንዱ ጀልባ አጠገብ ተቀምጠው ገመድ ያጠብቃሉ። ጓደኛችን ካሜራውን አወጣና ሦስት አራት ጊዜ አነሣቸው። ቀና ብለው ሁለት ሶል ጠየቁን። እኛም ተቀየምን። «ፊትም ይሸጣል እንዴ? እኛ እኮ የሩቅ አገር እንግዶች ነን» አልን በተሰባበረ ስፓኝኛችን። ሽማግሌው ክርክር አላበዙም። «ፎቶው የእናንተ ነው። የኔስ?» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ሳንከፍል ሄድን።

እኩለ ቀን ላይ ከባሕሩ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሰቪቼ አዘዝን። ጥሬ ዓሣ ነው፤ በሎሚ ጭማቂ፣ በሽንኩርትና በሚጥሚጣቸው ተለውሶ ከስኳር ድንችና ከበቆሎ ጋር ይቀርባል። ሒሳቡ ሲመጣ የሁለት ሶሉ ብዙ እጥፍ ነበር። ሳንከራከር ከፈልን፤ ጉርሻም ጨመርን። ከዚያ በኋላ ነው አንዳችን ማንኪያውን አስቀምጦ «ቆይ፣ ዓሣውን ለሚያቀርበው ይህን ያህል ከፍለን፣ ለሚያጠምደው ሁለት ሶል የከለከልነው ለምንድን ነው?» ያለው። ክርክሩ ከዚያ ተነሣ፤ እስከ ማታም አላለቀም።

የመጀመሪያው መልሳችን የእንግድነት ነበር። እኛ በአደግንበት አገር እንግዳ ይከበራል። ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ስለ በላውም ሒሳብ አይጠየቅም። ይህን ስንል የሊማው ጓደኛችን ሳቀና አንድ ነገር ጠየቀን፦ «እንግዳ ከሆናችሁ፣ ማን ጠራችሁ?»

መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር፣ እንግድነት መብት ብቻ ሳይሆን ሕግም አለው። እንግዳ የቀረበለትን ይበላል እንጂ አይመርጥም። ባለቤቱ ሲያዝን አብሮ ያዝናል፤ ሥራ ሲበዛ እጁን ያበድራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግድነት ብድር ነው፤ ዛሬ የተቀበለኝን ሰው ነገ እኔ እቀበለዋለሁ። እኒያ ሽማግሌ አንድ ቀን እኛ ቤት መጥተው ቡና ይጠጣሉን? አይጠጡም። ይህን እያወቅን «እንግዳ ነን» ማለታችን የማንመልሰውን ብድር መውሰድ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። የሁለት ቀን ጎብኚ ብረት ሳይሆን ይሄዳል። ስለዚህ ራሱን ሁልጊዜ ወርቅ ይመስለዋል።

ሁለተኛው መልስ የገዢ ነው። እሺ፣ እንግዳ አይደለንም እንበል፤ ገዢ ነን፣ ከፍለን እንሂድ። ይህ መልስ ቢያንስ ግብዝነት የለበትም። ግን ምኑን ነው የምንገዛው? ያ ጀልባ እኮ እንዲሁ የበቀለ አይደለም። የሚሠራበት ሣር ቶቶራ ይባላል፤ የእኛ ደንገል ዘመድ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በባሕሩ አጠገብ አሸዋውን ቆፍረው፣ ከሥር የሚመነጨው ውሃ ኩሬ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ይተክሉታል። ሲደርስ ያጭዱታል፤ በፀሐይ ያደርቁታል፤ በገመድ ጠፍረው ያስሩታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀልባው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ሌላ መሥራት ነው። በጥንቱ የሞቼ ዘመን የሸክላ ዕቃዎች ላይ ሰው እንዲህ ባለ ጀልባ ሲቀዝፍ ተቀርጾ ይታያል። ስፔናውያን ሲመጡ «ትንሽ ፈረስ» ብለው ሰየሙት፤ ሰው እንደ ፈረስ ይቀመጥበታልና። ይህን ሁሉ እኛ በአንድ ጠቅታ ወሰድነው። ሁለት ሶል የዚህ ሁሉ ዋጋ ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ሽማግሌው በጣም አርክሰውልን ነበር።

ገዢነት ሌላም ጣጣ አለው። ገዢ የሚገዛውን ነገር ይለውጠዋል። ዛሬ ከአጥማጆቹ አንዳንዶቹ ጎብኚን በጀልባቸው አሳፍረው ማዕበሉን አሻግረው ይመልሳሉ፤ ያስከፍላሉም። አንዳችን ይህን ሲሰማ «አበላሹት!» አለ። ለምን ተበላሸ? ዓሣ ማጥመድ ከባድ ነው፤ ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ የሚገኘውም ሁልጊዜ አይበቃም። ጎብኚ ማሳፈር ከተሻላቸው የሚያዝንባቸው ማን ነው? እኛ ነን፤ ምክንያቱም የመጣነው «ያልተነካ» ነገር ለማየት ነው። ሲገለጥ ግን ምኞታችን «እናንተ እንደ ድሮው ደክማችሁ ኑሩልን፤ እኛ በዓመት ሁለት ቀን መጥተን እናድንቃችሁ» ማለት ይሆናል። ከዚህ አድናቆት የሁለት ሶል ክፍያ በስንት ጣዕሙ!

ታዲያ መፍትሔው ቤት መቀመጥ ነውን? አለመሄድ ንጹሕ ያደርጋልን? ይህንንም አሰብነው፤ አላዋጣንም። ከትሩሂዮ በስተደቡብ ሳላቬሪ የሚባል ወደብ አለ። በዚያ ባሕር አሸዋው በወራጁ እየተገፋ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። የወደቡ የድንጋይ ግንብ ይህን አሸዋ ይዞ ያስቀረዋል። ከወደቡ በስተሰሜን ያሉት የባሕር ዳሮች አሸዋቸው እያነሰ፣ ባሕሩ ወደ መንደር እየገባ፣ ሰዉ ድንጋይ እየከመረ ለመከላከል ተገዷል። ጉዳቱ እስከ ዋንቻኮና እስከ ቶቶራው ኩሬዎች ይደርሳል። በዚያ ወደብ የሚወጣው ስኳርና ማዕድን፣ የሚገባውም እህል ነው። በትሩሂዮ ከዚያ እህል የተጋገረ ዳቦ የሚበላ ሰው ዋንቻኮን ረግጦ ላያውቅ ይችላል፤ ሆኖም የአጥማጁን ኩሬ ከሚያሳንሰው ነገር ድርሻ አለው። ስለዚህ ርቆ መቀመጥም ከነገሩ አያወጣም። ማዶ ያለ ሰው አለመታየቱ ብቻ ነው።

ማታ ላይ ክርክሩ ወደ አገራችን ዞረ፤ ያላሰብነውም መጣ። ሁለታችንም በሁለተኛ ዓመታችን ከክፍላችን ጋር ባሕር ዳር ሄደን ነበር። ጣና ላይ ማገዶ ጭኖ ወደ ገበያ የሚቀዝፍ ባለ ታንኳ አገኘንና ከሞተር ጀልባችን ላይ ሆነን እየተሳሳቅን ፎቶ አነሣነው። የጀልባችን ሞገድ ታንኳውን ሲያንገላታው መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር ጮኸ። እኛ ሰላምታ መስሎን እጃችንን አወዛወዝን። ገንዘብ አልጠየቀንም፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልሰጠነውም። ያን ቀን «እንግዳ ነን» እንኳ አላልንም፤ «የገዛ አገራችን ነው» አልን። እዚያስ ማን ጠራን?

እዚህ ላይ የሊማው ጓደኛችን የቶር ሄየርዳልን ታሪክ አነሣ። እኚህ የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠሩ፣ ደንገሉ የመጣው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹም የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ያቺ ጀልባ ከጉዞዋ መጨረሻ ሳትደርስ ቀረች። በማግሥቱ ዓመት ግን ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች «ራ 2»ን ሠሩ፤ እርሷም ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዓለም አጨበጨበ። ከእኛ መካከል የመርከበኛውን ስም የሚያውቅ ብዙ ነው። ደንገሉን ያጨደው የጣና ሰው ስሙ ማን ነበር ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

እሑድ ጧት በጊዜ ወደ ባሕሩ ወረድን። ሽማግሌው ከባሕር እየተመለሱ ነበር፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው በቀርከሃ መቅዘፊያ ይቀዝፋሉ። የመጨረሻው ማዕበል አሸዋው ላይ ሲያወጣቸው ሄደን ጀልባውን አብረን ተሸከምን። የረጠበ ቶቶራ ለካ እንዲህ ይከብዳል! የያዙት ዓሣ ጥቂት ነበር። የትናንቱን ሁለት ሶል ሰጠናቸው። ተቀበሉ፤ አላመሰገኑንም፤ ዕዳ እንደሚቀበል ሰው ኪሳቸው ከተቱት። ልክ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ እኛም አገር እንዲህ ያለ ጀልባ እንዳለ፣ ከደንገል እንደሚሠራ፣ ታንኳ እንደሚባል ነገርናቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ገመዱን አስቀመጡና እንደ ባለ ሙያ ጠየቁን፦ «የእናንተው ስንት ጊዜ ይቆያል? ውሃ ሲጠጣ ምን ታደርጉታላችሁ?»

ዝም አልን። ሁለታችን ተያየን። ትናንት በኩራት «የኛ ታንኳ» ብለን የጮኽን ሰዎች፣ ታንኳ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አናውቅም ነበር። አንድም ባለ ታንኳ ጠይቀን አናውቅማ። ሽማግሌው ዝምታችን ገባቸው መሰለኝ፣ ትንሽ ፈገግ ብለው ዓሣቸውን አንሥተው ሄዱ። ያን ቀን ፎቶ አላነሣንም።

ወደ ሊማ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ብዙ አልተጫወትንም። ከመካከላችን አንዱ ብቻ «አሁን ምን ተለወጠ? ሁለት ሶል ሰጥተን ሰላማችንን ገዛን እንጂ» አለ። ነቀፋው እውነት አለበት። ቢሆንም እኛ የደረስንበት ይህ ነው፤ ጎብኚ እንግዳም ገዢም አይደለም፣ ባለዕዳ ነው። በእንግዳነት ስም ክፍያን መሸሽ፣ በገዢነት ስም ደግሞ ምስጋናን መሸሽ፣ ሁለቱም ከአንድ ዕዳ መሸሻ ናቸው። የተጠየቀውን ዋጋ መክፈል የዕዳው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ያየነው ነገር በማን እጅ፣ በምን ድካም እንደቆመ መጠየቅ፣ ሲመልሱልንም ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ይህ ክፍል በገንዘብ አይዘጋም።

ይህን የምንጽፈው ለሩቁ ዋንቻኮ ብለን አይደለም። ከዚህች መጽሔት አንባቢዎች ፔሩ የሚሄድ ጥቂት ይሆናል። ባሕር ዳር የማይሄድ ግን የለም፤ የክፍል ጉዞም በየዓመቱ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ የሞተር ጀልባውን ሹፌር «ቀስ በል፣ ታንኳ አለ» የሚል፣ ወርዶም ባለ ታንኳውን ስሙን የሚጠይቅ አንድ ሰው ይኑር። ከዚያም ታንኳው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠይቆ ይንገረን። የምንመልስላቸው ሰው አለን።