ጌታውም ሎሌውም አንድ ሰው ሲሆን

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ተቀምጣ የዶርዜ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት እናስብ። ሱቅ የላትም፤ ተቀጣሪም የላትም። ያላት አንድ የእጅ ስልክና የሰው አመኔታ ነው። ከጨንቻ አካባቢ ሸማኔዎች ጋር ተስማምታ የጋቢውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ታወጣለች፤ ገንዘቡን በቴሌብር ትቀበላለች፤ ዕቃውንም በሞተረኛ ወይም በአውቶቡስ ትልካለች። በመጀመሪያ ለጠየቃት ሁሉ የምትመልሰው ራሷ ነበረች፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል መልእክት ቢመጣ እንኳ ከእንቅልፏ ተነሥታ ትጽፍ ነበር። ኋላ ግን ሙያው ያለው አንድ ወጣት «ቦት» የሚባለውን፣ በራሱ የሚመልሰውን አሠራር አበጀላት። አሁን ዋጋ የሚነግር፣ የጥለቱን ቀለም የሚጠይቅ፣ ትእዛዝ የሚመዘግብ፣ «በሦስት ቀን ይደርስዎታል» ብሎ ደንበኛውን የሚያሰናብት እርሱ ነው። እርሷ ብትተኛም ገበያው አይተኛም።

መስከረም 17 ቀን ደረሰ። ሴትየዋ ወደ ደጋው ወጥታ ከቤተሰቧ ጋር መስቀልን አከበረች፤ እጇ አንዳች ሥራ አልነካም። ማታ ስልኩን ስታየው አራት ጋቢ ተሽጦ አገኘች። ታዲያ ይህች ሴት በዓል ሽራለች ወይስ አልሻረችም?

ጥያቄውን ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም እንዲህ ባለው ንግድ የሚተዳደሩ ወጣቶች በየቁምስናው እየበዙ ስለሆነ፣ አንድ ቀን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ አይጠፋም። «መኪና ነፍስ የለውም፤ ነፍስ የሌለው ደግሞ በዓል አይሽርም» ብለን ብንመልስለት እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ስልኩ መለስንለት እንጂ ስለ ሰውየው አልመለስንለትም።

በዓል ለማን ተሠራ? የሥራ ማቆም ትእዛዝ በብሉይ ኪዳን ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ይገኛል፤ የሁለቱ ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ምክንያቱ የፍጥረት ሥራ ሲፈጸም እግዚአብሔር ማረፉ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ግን ሕዝቡ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ እንዲያስታውስ ይነገረዋል፤ ስለዚህም ባሪያውና ገረዱ፣ በሬውና አህያው፣ በደጁ ያለው መጻተኛም አብረውት እንዲያርፉ ይታዘዛል። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል። ባለጠጋውማ ሳይታዘዝም ማረፍ ይችላል። ትእዛዙ ያስፈለገው «ዛሬ አልሠራም» ለማለት አፍ ለሌለው ነው።

ከዚያም ወዲህ የዕረፍት ቀን ታሪክ በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ጌታ ቀን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት እንዳስታወሱት፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እሑድን የጸሎት ቀን እንጂ የዕረፍት ቀን አድርገው ለማክበር አልቻሉም፤ የሮም መንግሥት ሕግ ስላልፈቀደላቸው ሥራቸውን እየሠሩ ነበር የሚያከብሩት። እ.ኤ.አ. በ321 ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ዳኞች፣ የከተማ ነዋሪዎችና የእጅ ሙያተኞች በእሑድ እንዲያርፉ አዘዘ፤ ገበሬውን ግን የዘር ጊዜ እንዳያልፍበት ብሎ ተወው። በአገራችንም ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚለው ጉዳይ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ለስደት እስከ መዳረግ ደርሶ ነበር፤ ያበቃውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። አባቶቻችን ስለ አንዲት የዕረፍት ቀን ይህን ያህል መከራከራቸው ዛሬ ያስደንቃል። እኛ ያለ ምንም ጉባኤ ሁለቱንም ቀን ለስልካችን አስረክበናል።

የመንግሥት በዓላትም ቢሆኑ ያለ ዋጋ አልተገኙም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው በእሑድ ቀን ነበር፤ ዛሬ የምናርፍበት በዓል የመጣው ማንም ካላረፈበት ሰንበት ነው ማለት ነው። ሚያዝያ 23 የሚከበረው የሠራተኞች ቀንም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1886 የቺካጎ ሠራተኞች የሥራው ቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ጠይቀው ሥራ ማቆማቸው ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ያወጡት መልእክትም የእሑድን ዕረፍት አሠሪው እንደ ወደደ የሚሰጠው ችሮታ ሳይሆን ለሠራተኛው የሚገባ ነገር መሆኑን አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 14ኛ ይህን ስም የመረጡበትን ምክንያት ሲገልጹ፣ የያኔውን የፋብሪካ ዘመን ከዛሬው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ጋር ማስተያየታቸው በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን ወደ ሲቀላዋ ሴት እንመለስ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለው፤ በሕዝብ በዓል ቀን ከሠራም ለእያንዳንዱ ሰዓት ከመደበኛው ደመወዝ እጥፍ ያላነሰ ይከፈለዋል። ይህ ሕግ ግን እርሷን አያውቃትም። አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ነች። «ዛሬ በዓል ነው፣ ልቀቀኝ» የምትለው ፈርዖን ውጭ የለም፤ ቢኖር የሚኖረው በገዛ ደረቷ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ፈርዖን ደግሞ ቀይ ባሕር ተሻግረው የሚያመልጡት አይደለም።

መቼም ቦቱ ሸክም አላቀለለላትም ማለት ሐሰት ይሆናል። ሌሊት እንቅልፏን መልሶላታል። ደጋግሞ ዋጋ መንገር የሰውን ክብር የሚጨምር ሥራ አይደለምና ለመኪና ቢተውለት ማንም አይጎዳም። ይሁን እንጂ ዕረፍቷ ምን ዓይነት ዕረፍት እንደሆነ ለማየት አንድ የቆየ የዶርዜ ወግ ይረዳናል። በዶርዜ ተቀምጦ ባህሉን ያጠናው ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ጻፈው፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብንም ይጾማል ይላሉ። ይሁንና ነብሩ ይጾማል ብሎ በረቡዕ ከብቱን ያለ ጠባቂ የሚተው ዶርዜ የለም። የእኛም ነጋዴ እንዲሁ ነች። «ቦቱ ይሠራል፣ እኔ ዐርፌአለሁ» ትላለች፤ ነገር ግን ኔትወርክ ተቋርጦ ይሆን፣ ክፍያው ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆን፣ የተቆጣ ደንበኛ ይኖር ይሆን እያለች በየመካከሉ ከኪሷ እያወጣች ታያለች። ቡናው ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዓይኗ ግን ከነብሩ ላይ አልተነሣም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። መሸጥ ማለት ቃል መስጠት ነው። ቦቱ በመስቀል ዕለት «በሦስት ቀን ይደርስዎታል» ሲል ቃሉን የሰጠው በእርሷ ስም ነው፤ የሚፈጽመው ግን ቦቱ አይደለም። ጋቢውን የሚሠራው ሸማኔ ነው። በጋሞ ደጋ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል መሆኑን ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ሴቶች ቅቤውን፣ ወንዶች ለሰንጋው የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድመው ያጠራቅሙለታል፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የከረመው እንኳ መወርወሪያውን አስቀምጦ አገሩ ይገባል። ያ ቃል ግን ድሩ ሳይደወር፣ ፈታይዋም እንዝርቷን ሳታነሣ ቀን ቆርጦባቸዋል። ዕቃ አድራሹ ሞተረኛም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይጠራል። እነዚህ ሰዎች በኦሪት ዘዳግም ከተቆጠሩት ከባሪያውና ከመጻተኛው ወገን ናቸው፤ አዛዣቸው ማን እንደሆነ እንኳ በውል አያውቁም። በእኔ አስተያየት በዓሉ የተሻረው፣ ተሽሮ ከሆነ፣ ስልኩ ሥራ ስለ ሠራ አይደለም። የሌላው ሰው ቀን ሳይጠየቅ ስለ ተሸጠ ነው።

«ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ነው፤ አንድ ቀን ዝም ብል ደንበኛዬ ይረሳኛል» ብትል ቸል የሚባል ክርክር አይደለም። ድሀን በባዶ ሆዱ በዓል አክብር ማለት ቀላል የሚሆነው ለጠገበ ነው። ቆስጠንጢኖስም ለገበሬው አዝኗል፤ ጌታም በሬው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ጠይቆ ተሟጋቾቹን ዝም አሰኝቷቸዋል። የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ በዓል ነው ተብሎ መብሰሉን አያቆምም፤ ያንን የሚሸጥ ሰው ሌላ ፍርድ ያስፈልገዋል። ጋቢ ግን አይበሰብስም።

ደግሞም መፍትሔው ቦቱን መስበር አይደለም። ዋጋ መናገር የተማረ አሠራር «ዛሬ መስቀል ነው፤ ሸማኔው አገሩ ገብቷል፤ ትእዛዝዎን ከበዓሉ በኋላ ጠይቀነው ቀኑን እናሳውቅዎታለን» ብሎ መመለስንም ሊማር ይችላል። ልጁ ይህችን መልእክት ለመጨመር ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ከገዥዎቹ መካከል ወዲያው ወደ ሌላ ሻጭ የሚሄድ ይኖራል፤ ይህ ኪሳራ ነው፣ ኪሳራ መሆኑንም መደበቅ አያስፈልግም። ሌላው ደግሞ ዕለቱ ተራ የሥራ ቀን በሆነበት በአሜሪካ መኪና ሲነዳ የሚውል የአገራችን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ መልእክቱን ያነባል፤ ለካ ዛሬ መስቀል ኖሯል።