በተዘዋዋሪ ያደረገ ሰው፣ አድርጓል?

«በቀጥታ አልነገርኩትም፤ በተዘዋዋሪ ነው የነካካሁት።» «እኔ እጄን አላነሳሁም፤ ምናልባት በተዘዋዋሪ ካልሆነ።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ቃል ይጋራሉ። የመጀመሪያው ጨዋነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ያስፈራል። እንግሊዞች «ኢንዳይሬክትሊ» የሚሏትን ይህቺን ቃል በየቀኑ እንጠቀምባታለን፤ ምን እንደምትሠራልን ግን ብዙም አንጠይቅም። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

ቃሏ የመጣችው ከ«ዞረ» ነው። የምትናገረውም ስለ መንገዱ እንጂ ስለ መድረሻው አይደለም። በአቋራጭ የሄደም ዞሮ የሄደም እዚያው ቦታ ሊደርስ ይችላል። «በተዘዋዋሪ» ስንል ግን ብዙ ጊዜ «ትንሽ ብቻ» ወይም «እኔን አይመለከተኝም» ማለታችን ነው። ይህን ትርጉም ቃሏ አላመጣችውም፤ የጨመርንላት እኛ ነን።

ለንግግር ሲሆን መዞር የአማርኛ ባህል ነው። ሰምና ወርቅ አለን፣ አሽሙር አለን፣ «አንቺን ነው ምራቴ» ሳትል ለልጇ እየተናገረች ምራቷን የምትገስጽ አማት አለችን። ንጉሥ ፊት ለፊት በማይወቀስበት ዘመን ቅኔ የደካማው ጋሻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዞሮ የተናገረ ሰው ወርቁ እንዲገኝለት ይፈልጋል። የሚሰማው ካልገባው ቅኔው ከሽፏል። ስለዚህ በንግግር ስንዞር የምንሸፍነው ሐሳብ ተመልሶ እንዲገለጥ ነው።

በሥራ ስንዞር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለዚህ አማርኛ ሌላ ግሩም ቃል አለው፦ «በእጅ አዙር»። እጁ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው የሚዞረው።

ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሆሞሻ ይበቃል። ዛሬ ሆሞሻ በአሶሳ አቅራቢያ ያለች ወረዳ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን፣ ከቤላ ሻንጉልና ከአሶሳው አቆልዲ ጋር፣ የራሷ ሼክ ካላቸው ሦስት ግዛቶች አንዷ ነበረች። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር አካባቢውን ለዐፄ ምኒልክ አስገበረ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በየመንደሩ የራሷን ሹም አላስቀመጠችም። የአገሩን ሼኮች፣ በተለይ የአሶሳውን ሼክ ኾጀሌ አልሐሰንን፣ በቦታቸው አቁማ ግብር ጠየቀች። ግብሩ ወርቅ ነበር፤ ባሪያም ነበረበት።

ወርቁን ከወንዝ አሸዋ እያጠቡ የሚያወጡት ተራው የበርታ ሕዝብ ነው። ባሪያ ሆኖ የሚነዳው ደግሞ ጉልበት ያነሰው ጎረቤት ነው። የሼክ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና ወደ ሱዳን ባካሄደችው የባሪያ ንግድ ስሟ በእንግሊዝ ሹማምንት ወረቀት ላይ ሰፍሯል። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ዳር አገር ላይ ያለው ንግድ ግን በዚያ ቀን አልቆመም። እንግሊዞችም ለመውቀስ ንጹሕ እጅ አልነበራቸውም። በዚያው ዘመን በሰሜን ናይጄሪያ ሉጋርድ የዘረጋውን «በተዘዋዋሪ መግዛት» እንደ ጥሩ ዘዴ ይጽፉለት ነበር።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ከመንደሯ የተነዳችውን አንዲት ልጅ ማን ነዳት? ጠመንጃ የያዘው «ታዝዤ ነው» ይላል። ሼኩ «ግብር ተጠይቄ ነው» ይላል። ግቢ ያለው «እኔ ግብር ነው ያልኩት፣ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ሼኩ ነው» ሊል ይችላል። ሁሉም መልስ አለው። መልስ የሌላት እሷ ብቻ ናት፤ በእሷ ላይ የደረሰው ግን በተዘዋዋሪ አልደረሰም። ገመዱ አንገቷ ላይ ነው። በተዘዋዋሪ የሚባል ሥራ ሁሉ ጫፉ ላይ ቀጥተኛ ነው፤ ዙሩ የሚታየው ከላይ ላለው ብቻ ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ማን ንጹሕ ይሆናል? ወርቅ ቀለበት ያደረገ ሁሉ ጥፋተኛ ነው?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሥራችን ጦስ ዓለምን ዞሮ የት እንደሚደርስ ሁሉንም ማወቅ አንችልም፤ ባላወቅነውና ልናውቀው በማንችለው ነገር መወቀስም ግፍ ነው። ግን ሁለት ዓይነት ዙር አለ። አንዱ መንገዱ ራሱ የዞረው ነው፤ ሌላው እኛ ሆን ብለን የመረጥነው፣ እንዳይታየን ብለን የዞርነው። ግብሩን የተቀበለው ግቢ ባሪያው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ተመራማሪ አላስፈለገውም። መጠየቅ ብቻ ይበቃው ነበር። አለመጠየቁ ነው ሥራው።

ሕጋችንም ይህን ያውቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32 ወንጀሉን በቀጥታ የፈጸመውንም በተዘዋዋሪ፣ ለምሳሌ በእንስሳ አማካይነት፣ የፈጸመውንም እኩል ዋና ወንጀል አድራጊ ይለዋል። ውሻ ለቆ ሰው ያስነከሰ፣ «የነከሰው ውሻው ነው» ብሎ አያመልጥም።

እኛስ ጋ? ዛሬ የእኛ እጅ አዙር ስልካችን ውስጥ ነው። አንድን ብሔር በጅምላ የሚሰድብ ቪዲዮ «ሼር ብቻ ነው ያደረግኩት»። «ሰዎቹን አላውቃቸውም፣ ገንዘብ ብቻ ነው ያዋጣሁት።» «ብቻ» የምትለዋን ቃል ልብ በሏት፤ የ«በተዘዋዋሪ» ታናሽ እህት ናት። ቪዲዮው የሚደርስበት ሰፈር ያለው ሰው በሩ ሲንኳኳ የሚመጣበት ነገር «ብቻ» አይደለም።

ስለዚህ ቃሏን እንጣላት አልልም። ከመጠቀማችን በፊት ግን ዙሩ ማንን እንደሚጠብቅ እንይ። ደካማውን ከጉልበተኛ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ቅኔ ነው፤ ይዙር። ጉልበተኛውን ከጥያቄ የሚጠብቅ ከሆነ ግን እጁ የማን እንደሆነ በስሙ እንጥራው፤ የራሳችንም ቢሆን።